አይፈለጌ አይደለም

የይለፍ ቃል ጠፍቶኝ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣
ጣና ዳር ተቀምጬ፣ ከዋርካው ጥላ፣
"ኮድ ልከናል" አሉኝ፤
ብጠብቅ ብጠብቅ፣ ኮዱ አልደረሰኝ።
"አይፈለጌ የሚለውን ክፈተው" አለኝ አሳላፊው፣
ጠርሙስ እየለቀመ፣ ዓይኑ ስልኬ ላይ ያረፈው።

ከፈትኩት።
ሎተሪ ደርሶኛል፣ ያልቆረጥኩት፤
ባሏ የሞተባት ሀብታም ወራሿ አድርጋኛለች፣ እኔን የማላውቃት፤
የፀጉር ማብቀያ፣ የቦታ ሽያጭ፣
አንዱ ባንዱ ላይ የበቀለ፣ ልክ እንደ እምቦጭ።

ከመሃሉ አንድ ስም፦
አትርሳው ውበቱ።

የዘጌው አትርሳው፣ የሞተር ጀልባው ሰው፣
መለዋወጫ በዱቤ ወስዶ፣ ማዶ የቀረው።
ስሙን ከመዝገቤ በቀይ የሰረዝኩ፣
"እናቱ አትርሳው ብትል፣ እሱ እኔን ረሳኝ" እያልኩ
ሱቄ ለገባ ሁሉ የቀለድኩ።
እህቱን እንኳ ዓባይ ማዶ ገበያ ሳገኛት፣
ሽንኩርት ስትመርጥ፣ ፊቴን አዞርኩባት።
ልጅ አዝላ ነበር። ልጁ ሳቀልኝ።
ለልጁም አልሳቅሁም።

ደብዳቤው አጭር ነው፣ የተጣደፈ፣
ግማሹ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ፦

"ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጻፍኩ፣
መልስ ባጣ ጊዜ፣ ተቀይሞኝ ነው አልኩ።
እባክህ በአስቸኳይ የባንክ ቁጥርህን ላክልኝ፤
እኔ ዘንድ ገንዘብ አለህ፣ ያንተው ነው፣ ከበደኝ።
ስልኬ ውኃ ገባው፣ ቁጥርህም አብሮ ሰጠመ፤
ጀልባዋም ቆማ ከረመች፣ እምቦጩ ሞተሯ ላይ ተጠመጠመ።
ባዶ እጄን መምጣት አፈርኩ።
ደረሰኝህ ርሶ፣ ይቺ አድራሻ ብቻ ተነበበች፤ በእሷ ጻፍኩ።"

እንግዲህ ማሽኑ ምን ያድርግ?
"አስቸኳይ"፣ "ገንዘብ"፣ "የባንክ ቁጥር"፣ "እባክህ"፤
ሐቀኛው ሰው የሌባውን ልብስ ሁሉ ለብሶ መጣብህ።

ባለፈው ጥቅምት ለእምቦጭ ዘመቻ ወጥተን፣
ጭቃው እስከ ጉልበት ውጦን፣
ከአረሙ ጋር አንድ እቅፍ ደንገል ጎትቼ ጣልኩ።
"ተው ልጄ፣ እሱ ታንኳ ነው!" ሲሉኝ አንድ አዛውንት፣
እኔ አረንጓዴ ብቻ ነበር ያየሁት።

ማሽኑስ ፊት አያውቅም።
እኔ ግን አውቀው ነበር።

ከላይ በትንሽ ፊደል አንድ ጽሑፍ፦
"ሠላሳ ቀን ሲሞላው ይጠፋል"። ይሄኛው አራት ቀን ቀርቶታል ለማለፍ።
ሁለቱ ጠፍተዋል።
ምን ይሉ ነበር? ሰላምታ ነው? ይቅርታ?
እህቱስ ያን ዕለት፣ ከሽንኩርቱ ቀና ብላ
አፏን የከፈተችው ለሰላምታ ነው ወይስ ተልካ?
እንጃ። እኔ ዞሬ ነበር።

ጣቴን አሳረፍኩ፣ "አይፈለጌ አይደለም" ከሚለው ላይ።
ምን ዓይነት አማርኛ ነው! ሰው ተፈልገሃል ለመባል
ሁለት ጊዜ መካድ አለበት ወይ?

ጻፍኩለት፦ "አትርሳው፣ ስለ ብሩ አታስብ። ይቅር በለኝ። ጋሼህ ነኝ።"
ሦስት ቀን ጠበቅሁ። ምንም አልመጣልኝ።
ሌሊት ተነስቼ የራሴን ቃላት አነበብኩ፦
"ብሩ"፣ "አታስብ"፣ "ይቅር በለኝ"፤
እኔው ብሆን፣ እኔን አላምንም ነበር አልኩ።

ቅዳሜ ማለዳ ወደቡ ላይ ነኝ።
ጀልባው ግማሽ ሞልቷል፤ ጉም ደሴቶቹን ሸፍኗል፤
ሁለት ይብራ እንጨቱ ላይ ቆመው እርስ በርስ አይተያዩም።
ቲኬት ቆራጩ ሻንጣ አላየብኝ፣ ካሜራ አላየብኝ፣
"ዘጌ? ማን ዘንድ?" አለኝ።
"አትርሳው ውበቱ ዘንድ።"
ቀና አለ። ከጫማዬ ጀምሮ እስከ ባርኔጣዬ ለካኝ።
"ዕዳ ልታስከፍለው ነው?"
"አይደለም" አልኩት።

ቲኬቱን ሰጠኝ።
አላመነኝም።